«የደም ካንሰር» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ጂን እንደተበላሸ ጠይቁ

ጅቡቲ ከተማ፦ ከካምፕ ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ከተማ ለሚመጡ ወገኖች በአማርኛና በፈረንሳይኛ መካከል አስተረጉማለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ወረቀቱ ላይ «ሌውሴሚ» የሚል ቃል ሲገኝ ቤተሰቡ በሽተኛው በሕይወት እያለ ለቅሶ ይቀመጣል። ቃሉ በፈረንሳይኛ የደም ካንሰር ማለት ነው፤ ቢያስደነግጥ አይፈረድም። ሆኖም የደም ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በውስጡ ብዙ ዓይነት አለ። ከነዚህ አንዱ በቀን አንድ ጊዜ በሚዋጥ ኪኒን ለብዙ ዓመታት በቁጥጥር ሥር የሚቆይ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የጂን (የዘረመል) ምርመራ ነው።

ይህ ለእኛ ለስደተኞች ከሕክምናም አልፎ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ሪፈራችን ይጸድቃል ወይስ ይቀራል የሚለውን ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደማችን የት ይሠራል?

ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። መቅኔ ሦስት ነገር ያመርታል፦ አየር የሚያመላልሱ ቀይ የደም ሴሎች፣ በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች፣ ስንቆስል ደም የሚያረጉ ፕሌትሌቶች። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ ሴሎች ይገኛሉ። በደም ካንሰር ጊዜ መቅኔው ልክ ያጣል። ነጭ ሴሎቹ ሳያስፈልጉ ይባዛሉ፣ ቦታ ያጣብባሉ፣ ጤነኞቹን ያፈናቅላሉ። ቁጥራቸው ከ100,000 የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ሐኪሞች በሽታውን መጀመሪያ በሁለት ጥያቄ ይከፍሉታል። በፍጥነት የሚሄድ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? የተበላሸው ሴል ማይሎይድ ከሚባለው ወገን ነው ወይስ ሊምፎይድ ከሚባለው? ከዚህ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይወጣሉ። ከቀስ-በቀሶቹ አንዱ በእንግሊዝኛ ወረቀት «ሲ ኤም ኤል»፣ እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ ወረቀት ደግሞ «ኤል ኤም ሲ» ተብሎ ይጻፋል። ፊደሉ ተገለባበጠ እንጂ በሽታው አንድ ነው። ከኢትዮጵያ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው «እዚህ ሌላ በሽታ አገኙብኝ» ብሎ እንዳይደናገጥ ነው ይህን የምለው።

የፊላደልፊያው ክሮሞዞም

በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 23 ጥንዶች አሉ። ሴሉ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያነብባቸው መጻሕፍት ናቸው በሏቸው። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ የሲ ኤም ኤል ሕሙማንን ደም ሲመረምሩ አንድ ያለ ልክ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። በከተማዋ ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞዞም» ተባለ። እንዴት እንዳጠረ ያወቀችው ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ጃኔት ራውሊ የምትባል የቺካጎ ሐኪም ናት። ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው ቁራጫቸውን ተለዋውጠዋል። ከሁለት መጻሕፍት ገጽ ተቀዶ ቦታ ተቀያይሮ እንደተሰፋ ማለት ነው።

በስፌቱ ላይ ሁለት ጂኖች ይገናኛሉ፦ ቢሲአር እና ኤቢኤል። ተጣብቀው «ቢሲአር-ኤቢኤል» የሚባል አዲስ ጂን ይሆናሉ። ይህ ጂን «ተባዛ፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ፕሮቲን ይሠራል። የካምፕ ቦኖ አስቡ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። እዚህ ግን መዝጊያው ተሰብሮ ቧንቧው ሌት ተቀን ይፈሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ጂን» ሲባል ብዙ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነገር ይመስለዋል። ይህኛው አይደለም። ሰውየው ከተወለደ በኋላ በአንድ የመቅኔ ሴል ውስጥ የተፈጠረ ስሕተት ነው። ለልጅ አይወርድም። በትንፋሽ፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

መዝጊያ የሆነው ኪኒን

ከዚያ በፊት ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል መድኃኒት የነጭ ሴሉን ቁጥር ዝቅ ያደርግ ነበር፤ አሁንም ምርመራው እስኪመጣ ይሰጣል። ግን የፈሰሰውን ውሃ መጥረግ ነው፤ ቧንቧውን አይዘጋም። ሳይታከም የቆየ ሲ ኤም ኤል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ፈጣኑ ዓይነት ይለወጣል። ያኔ ማዳን በጣም ይከብዳል።

በ1990ዎቹ ኒኮላስ ሊደን የሚባል ኬሚስትና ብራያን ድሩከር የሚባል የኦሪገን ሐኪም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በቀጥታ የተበላሸው ፕሮቲን ላይ ገብቶ የሚዘጋ መድኃኒት ላይ ሠሩ። ስሙ ኢማቲኒብ ነው፤ የንግድ ስሙ ግሊቬክ። በመጀመሪያው የሰው ሙከራ በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ልኩ ተመለሰ። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2001 ፈቀደው። በኋላ በወጣ የረጅም ጊዜ ክትትል ሕክምናቸውን በዚህ ኪኒን ከጀመሩት ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ 83.3 በመቶው በሕይወት ነበሩ።

እንግዲህ ሕክምናን ከጂን ጋር ማዛመድ የሚባለው ይሄ ነው። ኪኒኑ የተሠራው ለቢሲአር-ኤቢኤል ነው። ይህ ጂን ለሌለበት የደም ካንሰር ቢሰጥ የሚዘጋው ቧንቧ የለም። ስለዚህ ምርመራው ይቀድማል።

አዲስ አበባ እንዴት ደረሰ?

ኪኒኑ ሲወጣ ዋጋው ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። በአሜሪካ በ2012 የአንድ ሰው የአንድ ዓመት መድኃኒት 92,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ሆኖም አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ከ2002 ጀምሮ መክፈል ለማይችሉ ሕሙማን በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም ከፈተ። ኢትዮጵያም ገባችበት፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ብዙ ሰው ኪኒኑን በነጻ አግኝቷል። ማክስ ፋውንዴሽን በ1997 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተመሠረተ፣ ስሙንም በዚሁ በሽታ ከሞተ አንድ ልጅ ያገኘ ድርጅት ነው። ከ2017 ወዲህ የነጻ መድኃኒት አቅርቦቱን ራሱ በሚመራው ፕሮግራም ቀጥሏል።

የዚህን ፕሮግራም አንድ ደንብ አስታውሱት። መድኃኒቱ የሚፈቀደው የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ወይም የቢሲአር-ኤቢኤል ጂን መኖሩ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ነው። «የደም ካንሰር አለበት» የሚል ደብዳቤ በቂ አልነበረም። የሚያመለክተውም ሐኪሙ ነው እንጂ ሕመምተኛው ራሱ አይደለም።

ዋጋውም ቢሆን ወርዷል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2013 የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ ካደረገ በኋላ የህንድ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን መድኃኒት ሳይሰጉ በርካሽ ማምረት ቀጠሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ኢማቲኒብን፣ በ2017 ደግሞ ዳሳቲኒብንና ኒሎቲኒብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ይህ ዝርዝር አገሮችና የረድኤት ድርጅቶች «ምን እንግዛ?» ሲሉ የሚያዩት ነው።

ምርመራው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ተራው የደም ቆጠራ አለ። እዚህ «ኤን ኤፍ ኤስ» ይሉታል፤ አገር ቤት «ሲ ቢ ሲ» የምንለው ነው። ነጭ ሴሉ በጣም ከበዛ፣ ጣፊያም ካበጠ፣ ሐኪሙ ይጠረጥራል። ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ነው፤ ሲያብጥ ትንሽ በልተው የጠገቡ ይመስላል፣ ግራ ጎን ይከብዳል። ችግሩ ወባና ካላ አዛርም ጣፊያ ያሳብጣሉ። ለነሱ ታክሞ ያልተሻለው ሰው የደም ቆጠራ መጠየቅ አለበት። ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት ማላብም ምልክቶች ናቸው። እርግጥ በካምሲን ነፋስ ወቅት ጅቡቲ ውስጥ የማያልበው የለም፤ ላብ ብቻውን ምንም አይነግርም። ክብደት እየቀነሱ፣ ጎን እየከበደ ከሆነ ግን አትናቁት። በአፍሪካ ይህ በሽታ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይልቅ ወጣቶችን ያገኛል፤ «ገና ልጅ ነው፣ ካንሰር አይሆንም» አይባልም።

ከቆጠራው ቀጥሎ የጂን ምርመራ ይመጣል። ከክንድ ደም ተወስዶ ቢሲአር-ኤቢኤል ይፈለጋል። ለሳንባ ነቀርሳ አክታ የሚመረመርበትን ጂን ኤክስፐርት የሚባል ማሽን ታውቁታላችሁ። ያው ማሽን ሌላ ካርትሪጅ ሲገባበት ቢሲአር-ኤቢኤልን ይለካል፤ ውጤቱም ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። በቦታው ካልተሠራ ናሙናው ወደ ሌላ አገር ሊላክ ይችላል። በሲያትል ያለው የፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ተቀብሎ ጂኑን የሚፈልግበት ዘዴ ሠርቷል። ጂኑ ከታወቀ በኋላም ምርመራው ይደገማል። ሐኪሞች የሚፈልጉት የጂኑ መጠን በ3 ወር ከ10 በመቶ በታች፣ በ6 ወር ከ1 በመቶ በታች፣ በ12 ወር ከ0.1 በመቶ በታች እንዲወርድ ነው።

ኪኒኑ ሳይሠራ ሲቀርስ?

ቁጥሩ ካልወረደ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይ?» ነው። ስድብ አይደለም። ለንደን ውስጥ በተሠራና በ2010 በወጣ ጥናት ከታዘዘላቸው ኪኒን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ሰዎች ጥሩ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው 94 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በታች የወሰዱት 28 በመቶ ገደማ ነበር። በወር ሦስት ቀን መዝለል ማለት 90 በመቶ ላይ መድረስ ነው። ድንበሩ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

በትክክል እየተወሰደ ካልሠራ ግን ሁለተኛ የጂን ለውጥ ይፈለጋል። የቧንቧው አፍ ቅርጹን ቀይሮ ውታፉ አልገጥም ብሎ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ለውጥ የተለየ መልስ አለ፦

– ኤፍ317ኤል የሚባለው ከተገኘ ኒሎቲኒብ ይመረጣል።
– ኤፍ359ቪ ወይም ዋይ253ኤች ከተገኘ ዳሳቲኒብ ይሻላል።
– ቲ315አይ ከተገኘ ኢማቲኒብም ዳሳቲኒብም ኒሎቲኒብም አይሠሩም። ለሱ ፖናቲኒብ (በ2012 የተፈቀደ) ወይም አሲሚኒብ (በ2021 የተፈቀደ) ያስፈልጋል።

ስለዚህ «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት «አበቃ» ማለት አይደለም። የትኛው ለውጥ መጣ የሚለው ጥያቄ ይቀጥላል።

ሌሎቹ ዓይነቶች

ፈጣኖቹም ጂን አላቸው። ኤ ፒ ኤል የሚባለው ፒኤምኤል-ራራ ከሚባል ጂን የሚመጣ ሲሆን በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ድድ ከደማ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ ትኩሳትም ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ግን ይኸው አስፈሪ በሽታ ዛሬ ከፈጣኖቹ መካከል በደንብ ከሚድኑት ነው። በ1980ዎቹ ዋንግ ዠንዪ የሚባሉ የሻንጋይ ሐኪም ከቫይታሚን ኤ ወገን በሆነ አትራ በሚባል መድኃኒት ማከም ጀመሩ። በ2013 በወጣ ጥናት አትራን ከአርሰኒክ ጋር ከወሰዱት ከቀላል እስከ መካከለኛ አደጋ ላይ ከነበሩ ሕሙማን 97 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ነበሩ። በሌላው ፈጣን ዓይነት፣ ኤ ኤም ኤል በሚባለው፣ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ኤፍኤልቲ3 የሚባል የጂን ለውጥ ይገኛል፤ ለሱም ከ2017 ጀምሮ ሚዶስታውሪን አለ፤ የሚሰጠው ግን ከኬሞ ጋር ነው። ኤ ኤል ኤል ከያዛቸው አዋቂዎችም ከአራቱ በአንዱ ገደማ የፊላደልፊያው ክሮሞዞም ይገኛል፤ ኢማቲኒብ ከኬሞው ጋር ይጨመርላቸዋል።

ስደተኛ ሲሆን፦ ኮሚቴው ምን ያያል?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ዩኤንኤችሲአር ውድ የሆነ የሆስፒታል ሕክምና ሲጠየቅ ጉዳዩን የሚያይ የልዩ ሕክምና ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው በዋናነት የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ሰውየው የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው? ሕክምናው ስንት ያስወጣል? በዮርዳኖስ ከ2010 እስከ 2012 ለዚህ ኮሚቴ 511 የካንሰር ማመልከቻዎች ቀርበው የጸደቁት 246 ናቸው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ላንሴት ኦንኮሎጂ በሚባለው መጽሔት በ2014 በወጣው በዚህ ጥናት፣ ውድቅ ለማድረግ በብዛት የተጠቀሰው ምክንያት የመዳን ተስፋው ዝቅተኛ ነው የሚል ነበር።

አሁን ሁለት ደብዳቤ አስቡ። አንዱ «ሌውሴሚ፣ ልዩ ሕክምና ያስፈልጋል» ይላል። ሌላው «ኤል ኤም ሲ፣ ቢሲአር-ኤቢኤል የተረጋገጠ፣ ገና በመጀመሪያው ደረጃ፣ ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን» ይላል። በሽታው አንድ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ፊት ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው የመቅኔ ንቅለ ተከላና ብዙ ሺህ ዶላር ይታየዋል። ሁለተኛውን ያነበበ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በርካሽ ወይም በነጻ ሊገኝ የሚችል ኪኒን ይታየዋል። ይህ እንደሚያጸድቀው ዋስትና አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው በትክክል እንዲታይ ያደርጋል።

በጅቡቲ በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ የተመዘገበ ስደተኛ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የስደተኛ መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳያልፍበት ጠብቁ፤ አሊ አዴም ሆነ ሆልሆል ያላችሁ ከካምፑ ጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በራሳችሁ ወደ ከተማ አትምጡ። አንዳንድ ወገኖች «በባቡር አዲስ አበባ ገብቼ ጥቁር አንበሳ ልታከም» ይላሉ። የሕመም ነገር ያስጨንቃል፤ ይገባኛል። ግን ወደ ሸሻችሁበት አገር መመለስ የስደተኝነት ጥበቃችሁን ሊነካ ይችላል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በኦናርስና በዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍል ጠይቁ።

ኪኒኑን የጀመረ ሰው ማወቅ ያለበት

– ኢማቲኒብ ከምግብ ጋርና ከአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጋር ይወሰዳል። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል።
– የዓይን አካባቢ ማበጥ፣ የጡንቻ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው። ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ ኪኒኑ አይቆምም።
– በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ጾመኛ የሆነ ሰው፣ የረመዳን ይሁን የሁዳዴ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ ማታው ምግብ ማዛወር ይችላል። ጸበል የሚጠመቅም ኪኒኑን ይዞ ይጠመቅ። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ የተማርነው ይኸንኑ ነው።
– የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ያጠፋዋል። ሁለቱን የምትወስዱ ከሆነ ለሁለቱም ሐኪሞች ንገሩ። የባህል መድኃኒትም ካለ አትደብቁ።
– ያረገዘች ወይም ማርገዝ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ኪኒኑ ጽንስ ይጎዳል።
– ደኅና ስትሆኑ ለሌላ ሕመምተኛ አታካፍሉ። ለእናንተ ጂን የተሠራ ነው፤ ለሱ ላይሆን ይችላል፤ እናንተም ትጎድላላችሁ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በአስተርጓሚ በኩልም ቢሆን ጠይቁ፦ የደም ካንሰሩ የትኛው ዓይነት ነው? ምን ደረጃ ላይ ነው? የቢሲአር-ኤቢኤል ወይም የሌላ ጂን ምርመራ ተሠርቷል? ካልተሠራ ናሙናው የት ሊላክ ይችላል? የጂኑ ስምና የመድኃኒቱ ስም ሪፈሩ ላይ ይጻፍልኝ?

የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙት። የምርመራ ወረቀቶቻችሁን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ። ካምፕ ይቀየራል፣ ሐኪም ይቀየራል፣ ሦስተኛ አገርም ይደርሳል። የጂኑ ስም የተጻፈበት ወረቀት በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይነበባል።

ፈጣሪ ለታመሙት ምሕረቱን ያውርድ። ጎረቤታችሁ ያለ ሕመምተኛ ይህን ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት።